ከዘጠኝ እስከ ሃያ

ሽማግሌው ተመራማሪ በላቦራቶሪያቸው ወለል ላይ በጎናቸው ተጋድመው ተገኙ። የልብ መድኃኒታቸው በሚቀጥለው ክፍል፣ በተሰቀለው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነበር። ሐኪሙ «ልባቸው ነው፤ ቶሎ የደረሰላቸው ቢኖር ግን ይተርፉ ነበር» አለ።

ጉዳዩ እሳት የላሰች ለምትባል መርማሪ ተሰጠ። እሷም ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ጠረጴዛው ላይ ነው። ከአንድ እስከ ሃያ የተቆጠሩ ትንንሽ ብልቃጦች ሞልተው፣ ተከድነው በበረዶ ላይ ተደርድረዋል። ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ላከቻቸው።

የተመራማሪው ምክትል ቀኝ እጁ በጀሶ እንደታሰረ መጣ። ከሟቹ ጋር ሆድና ጀርባ መሆናቸውን የማያውቅ አልነበረም።

«ምን ነበር የሚያጣላችሁ?»

«ማቆሚያ። ባክቴሪያ ውስጥ ዘረመልን የሚገለብጥ ማሽን አለ። ማቆሚያው ላይ ሲደርስ የገለበጠው ክር በራሱ ላይ ይታጠፍና ማሽኑ ይለቃል። አንዳንዱ ማቆሚያ ግን ከኋላ ሮጦ የሚያስለቅቅ ፕሮቲን ይፈልጋል። እኔ ይኼኛው ይፈልጋል አልኩ፣ እሳቸው አይፈልግም አሉ።»

«ብልቃጦቹስ?»

«ፕሮቲኑን ያግዳሉ፣ አዲስ ግልበጣ እንዳይጀመርም መድኃኒት ይጨምራሉ። የተጀመረው ብቻ ይቀጥላል። ከዚያ በየደቂቃው አንድ ናሙና ይቀዳል፤ አንዷ ካመለጠች የሁለት ዓመት ልፋት ገደል ገባ።»

ሚስትየው «እኔ እዚያ ክፍል ገብቼም አላውቅ። ትሰብሪያለሽ ብሎ በር ላይ ነው የሚያቆመኝ» አሉ። ከአባቷ ጋር የምትሠራው ልጃቸው «ምሳ ላይ ነበርኩ» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች።

በሦስተኛው ቀን መርማሪዋ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ ናሙና በቀዱ ቁጥር ወረቀት ላይ ምልክት ያደርጉ ነበር። ምልክቱ ስምንት ላይ ቆሟል። ዘጠነኛውን የቀዱበት መምጠጫ እጃቸው ውስጥ እንደሞላ ነው የተገኘው። ታዲያ ከዘጠኝ እስከ ሃያ ማን ሞላው? እናት ሥራውን አያውቁትም። ምክትሉ ባንድ እጅ ይቺን ክዳን ከፍቶ፣ ቀድቶ፣ በደቂቃ ውስጥ መክደን አይችልም። ልጄ፣ አንቺ ነሽ የቀረሽው።»

እናት «እረ በፈጠረሽ!» ብለው ጮኹ።

ልጅቱ ግን አልካደችም። «ተንሸራቶ ቁጭ አለ። ልሂድና መድኃኒትህን ላምጣ ስለው ‹ደህና ነኝ፣ አታቋርጪ፣ ቁጠሪ› አለኝ። ቆጠርኩ። ሃያኛውን ከድኜ ዞር ስል...» እንባዋ አላስጨረሳትም። «አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ እማዬ። አባዬን ጀርባዬን ሰጥቼው።»

እናት ተነስተው አቀፏት። መርማሪዋ ስንት ነፍሰ ገዳይ ስታናዝዝ ያልራሰ ዓይኗ ያን ቀን ራሰ። ገዳይ አልነበረም፤ የታዘዘች ልጅ ብቻ ነበረች።

«ናሙናዎቹስ?» አለች ልጅቱ፣ ፊቷን እየጠረገች። «ቢያንስ ጠቀሙ?»

መርማሪዋ ወደ ምክትሉ ዞረች። ጠዋት ውጤቱን ያነበበላት እሱ ነው። ሽማግሌው ትክክል ነበሩ፤ ማሽኑ ያለ ፕሮቲኑም ማቆሚያው ላይ ለቋል። ይህ ደግሞ በስድስተኛው ደቂቃ አልቆለታል። ከዚያ በኋላ የተቀዱት ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው።

«ያለ እነሱ አይሆንም ነበር፣ እህቴ» አለ ምክትሉ፣ በሕይወቱ ለሽማግሌው ያላደረገውን ደግነት ለልጃቸው እያደረገ። «አባትሽ አሸንፈውኛል።»

መርማሪዋ የውጤቱን ወረቀት አጥፋ ወደ ቦርሳዋ ልትከት ስትል ልጅቱ እጇን ዘረጋች። ውጤት ማንበብ ያስተማሯት አባቷ ናቸው።

«ስጪኝ» አለች። «ራሴ ልየው።»