የኮምፒውተሬ ጥዝዝታ

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ድምፅ ካለ የሚንቀጠቀጥ ነገር አለ ብዬ የማስተምር ሰው፣ ስለዚህ አንድ ሰው የመንፈስ ድምፅ ሰማሁ ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው መስኮቱ በደንብ ተዘግቶ እንደሆነ ነው፣ ይህንንም የማወራችሁ እንድታምኑኝ ሳይሆን የሆነው እንዲህ ስለሆነ ብቻ ነው።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ተከራይቼ ነበር፣ ከሥሬ የሚኖሩት እትዬ ዘነበች ከገባሁ ጀምሮ ጠምደው ይዘውኛል፣ ኮምፒውተርህ ጥዝዝ እያለ ጣሪያዬን ያንቀጠቅጠዋል ይሉኛል፣ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ሰው እየሰማ "ወፍጮ ቤቱ መጣ" ይላሉ። አከራዬ ጋሽ ተካም፣ ሌላ ክስ ከመጣ ወይም ደባል ካስገባህ ትወጣለህ ብለውኛል፣ ለትምህርት ቤቴ እንዲህ የሚቀርብ ቤት ደግሞ ሌላ አላገኝም።

ስለዚህ በቅደም ተከተል ሠራሁ። የኮምፒውተሩን ማራገቢያ አቧራ ጠረግሁ፣ አቧራ አንዱን ክንፍ ካከበደው ሲሽከረከር ይንገጫገጫላ፣ የላሉትን ብሎኖች አጠበቅሁ፣ ሳጥኑን ከግድግዳው አራቅሁና ከሥሩ የአሮጌ ጎማ ቁራጮች አደረግሁ፣ ጎማ ንዝረቱን ስለሚውጠው ወለሉ ላይ አይደርስም። ጆሮዬን ወለሉ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ፣ ጸጥ።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ከሥራ ስመለስ የብሎኩ መብራት በሙሉ ጠፍቷል፣ እትዬ ዘነበች በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ፣ ብሶበታል አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ፣ ያለ መብራት ኮምፒውተር እንደማይሠራ ማስረዳት ስጀምር ክንዴን ይዘው ወደ ቤታቸው ጎተቱኝ።

ጥዝዝታው ነበር፣ ከላይ፣ ልክ ጠረጴዛዬ ካለበት ቦታ፣ የጠፋው አምፖላቸው በገመዱ ላይ ይንቀጠቀጣል። የሌላ ቤት ጄኔሬተር ይሆናል ስል ድምፁ ቀጥ አለ፣ ወንበር ወደ ኋላ ሲሳብ ሰማን፣ ከዚያ እግር፣ ባዶ እግር፣ ቀስ ብሎ ከጠረጴዛው ወደ በሩ ሄዶ ቆመ።

"ማነው ላይ ያለው?" አሉኝ።

ቆልፌ እንደወጣሁ ነገርኳቸው፣ ቁልፉን አሳየኋቸው።

"ደባል አስገብተህ ነዋ፣ ውሸታም" አሉና ለጋሽ ተካ ደወሉ፣ የሰሙትን ነገሯቸው፣ ስልኩን ደረቴ ላይ ገፉት።

ጋሽ ተካ ረጋ ብለው፣ "አንተ ልጅ፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አለ ወይስ የለም? የለም ካልክ አምንሃለሁ" አሉኝ።

ቤቴን የምታተርፍልኝ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ጣሪያውን አየሁ፣ ላይ ያለውም መልሴን የሚጠብቅ ይመስል አልተንቀሳቀሰም፣ የለም ማለት አቃተኝ፣ ዛሬ ብትጠይቁኝም አልልም።