በቀይ የተሰረዘው ስም

ፕሮፌሰሩ ሞተው የተገኙት ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ነው። ከፊታቸው በእንግሊዝኛ የተተየበ የስንብት ደብዳቤ፣ በቀኛቸው የሻይ ብርጭቆ፣ አጠገቡ ባዶ የልብ መድኃኒት ብልቃጥ አለ። ጣቶቻቸው ቀይ እስክሪብቶ እንደጨበጡ ደርቀዋል።

«ራሳቸውን አጥፍተዋል፤ ምን ያጠያይቃል?» አለ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ። «ቶሎ ብትዘጊው ለስማቸውም ጥሩ ነው።»

«ስም» ሲል መርማሪዋን አንገበገባት። የእኚህ የሥነ ልቦና ሊቅ ስም በእንግሊዝኛ የምርምር ጽሑፎች ውስጥ ቃል ሆኗል፤ በሠላሳ አራት ጥያቄያቸው ተፈትኖ የወደቀ ልጅ እንደ በሽታ በስማቸው ይጠራል። ታናሽ ወንድሟ በሰባት ዓመቱ ያ ስም ተለጥፎበት ከትምህርት ቤት ተባረረ። ይኸው ሠላሳ ሞልቶት እንኳ ሰው ፊት ማንበብ ይፈራል። እውነቱን ለመናገር፣ ሟቹን አትወዳቸውም ነበር።

መደርደሪያው ላይ ያሉትን መጻሕፍት ገለጠች። ስማቸው ቃል ሆኖ በገባበት ሁሉ በቀይ ተሰርዟል፤ መዝገበ ቃላቱም አልቀረለትም።

«ይህ ምንድን ነው?» ብላ ሬሳውን ያገኘችውን ረዳታቸውን ጠየቀች።

«ልማዳቸው ነው» አለች ረዳቷ፣ ዓይኗ አብጦ። «‹እኔ ሰው ነኝ እንጂ ቃል አይደለሁም› እያሉ ይቆጣሉ። አሥራ አምስት ዓመት ፈተናውን በስማቸው ሳይሆን ‹ሠላሳ አራቱ› ስንል ነው የኖርነው። ትናንት ለመጽሔት እንድልከው አንድ የታሸገ ፖስታ ሰጡኝ። ወደ ውጭ መጽሔት የሚላክ ሁሉ በኃላፊው ያልፋል፤ አስፈርሜ አስረከብኩ።»

ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው በንዴት ጮኸች። «አባዬ ራሱን አያጠፋም! ደብዳቤውን እኔ እንዳልጽፈው፣ እንግሊዝኛ ከየት አምጥቼ?»

ኃላፊው ግን በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሟቹን ስም እንደ ዕቃ ስድስት ጊዜ ጠራው። «ስሙ ከእጃቸው ወጥቷል፤ የዓለም ቃል ነው። እኔ አሥራ ሁለት ጽሑፍ አሳትሜበታለሁ።»

«ከእሳቸው የደረሰዎት ወረቀት አለ?»

«ምንም።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበች።

«ይህ የስንብት ደብዳቤ ያን ስም ሦስት ጊዜ እንደ ቃል ይጠቅሳል። ሟቹ እንደዚያ ጽፈው አያውቁም። ረዳታቸውም አትጽፍም፤ ልጃቸው አትችልም። ደግሞ እዩት፤ ሦስቱም ቦታ በቀይ ተሰርዟል። ወረቀቱ የመጣው ከሌላ ሰው ነው፣ የመጣውም እሳቸው እስትንፋስ እያላቸው ነው።» ወደ ኃላፊው ዞረች፤ አንቱታው ቀረ። «መድኃኒቱን ሻያቸው ውስጥ ገለበጥክ። ሲደፉ ‹አለቀ› ብለህ ወረቀቱን አስቀምጠህ ወጣህ። አላለቀም ነበር! ቀና አሉ፤ መጮህ አቃታቸው፤ እጃቸው ግን ልማዱን አልረሳም። አሁን ፈርመህ የተረከብከውን ፖስታ አምጣ።»

«ምን ፖስታ?»

ቦርሳውን ቀምታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። እሽጉ የተቀደደው ፖስታ ከመሃል ወደቀ። ውስጡ በእንግሊዝኛም በአማርኛም የተጻፈ አጭር ደብዳቤ ነበር። ረዳቷ አነበበችው፦ «ፈተናው ስህተት ነው። ስህተቱም የእኔ ነው። ስሜን ከልጆቹ ላይ አንሱልኝ።»

«አሥራ ሁለት ጽሑፍ!» ብሎ ጮኸ ኃላፊው። «አንድ ሽማግሌ ተጸጸተ ተብሎ እኔ ገደል ልግባ?»

«ወንድሜን የከተታችሁበት ገደል አለ» አለች መርማሪዋ፣ እጁ ላይ ካቴና እያጠበቀች። «ለአንተም ቦታ አይጠፋም።»

ዋናው ደብዳቤ ለማስረጃ ተያዘ፤ ቅጂውን ረዳቷ ያንኑ ቀን ወደ መጽሔቱ ላከች። ልጃቸው የአባቷን ደብዳቤ ግርጌ በጣቷ ነካች። «እዚህ ጋ ግን አልሰረዘውም» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። ፊርማቸው ነበር።

መርማሪዋ ሌላ ቅጂ አጥፋ ኪሷ ከተተችና ስልክ ደወለች።

«ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ፣ ወንድምዬ። የምታነብልኝ ወረቀት አለ።»

«እኔ? ጮክ ብዬ?»

«አዎ፣ ጮክ ብለህ።»