የግራ እግር አደራ

ይህ የደረሰው በእኔ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም። ማመን ያልፈለገ አያምን... በእኔ ባይደርስ እኔም አላምንም ነበር።

ሌሊትም አልነበረም። ሐሙስ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ፀሐይዋ ወንዙ ላይ ታብለጨልጭ ነበር።

ረስቲ እባላለሁ። ደቡብ ካሊማንታን ውስጥ በአንድ የወንዝ ዳር ከተማ ሆስፒታል፣ የስኳር ሕመምተኞችን ቁስል የምከታተል ነርስ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ስኳር እለካለሁ፣ ኢንሱሊን እወጋለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ፣ ትራስ ሥር ጣፋጭ የሚደብቁትን እቆጣለሁ።

ኢቡ ማስኒያ ከደባቂዎቹ አንዷ ነበሩ። ኢቡ የምንለው ለትልልቅ ሴቶች ነው፣ እናት እንደማለት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጀልባ ላይ የሩዝ ኬክ ሲሸጡ ኖረዋል።

"ዛሬ ስንት ቀመሱ?" እላቸዋለሁ።

"ሁለት።"

"ማሽኑ እኮ አምስት ነው የሚለው።"

"ማሽንሽ ሐሜተኛ ነው።"

ጀልባቸው ውስጥ ሚስማር ወግቷቸው ሦስት ቀን ሙሉ አላወቁም። ስኳሩ እግራቸውን አደንዝዞታል። ወደ እኛ ሲመጡ ግራው ጠቁሮ ነበር። ከጉልበት በታች ከመቁረጥ ሌላ ምርጫ አልነበረም።

እኛ ጋ የተቆረጠ እግር አይጣልም። ታጥቦ፣ በነጭ ጨርቅ ተከፍኖ ይቀበራል። የሚወስደው ቤተሰብ ነው። ኢቡ ግን ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም ባሕር ማዶ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች።

ከቀዶ ጥገናው በፊት እጄን ያዙኝ።

"ባሌ አጠገብ ቅበሪልኝ" አሉ። "ኋላ እኔም ስመጣ፣ ሙሉ ሆኜ ልተኛ።"

"እሺ ኢቡ።"

"በገዛ እጅሽ። አደራ።"

"በገዛ እጄ።"

እግሩን ራሴ አጠብኩት፣ ራሴ ከፈንኩት። ጥቅሉን ይዤ ልወጣ ስል አንድ ሽማግሌ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሳቱ። ዊዳያ ሮጣ መጣች። ነርስነት አብረን ተምረናል፣ ስንት ዓመት ከአንድ ሳህን በልተናል። ከእህቴ አልለያትም ነበር።

"አምጪው፣ እኔ አደርስልሻለሁ" አለች። "አንቺ ሽማግሌውን ያዢ።"

ሰጠኋት።

አመሻሽ ላይ ተመለሰች። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

"በባልየው ቀኝ ነው የቀበርኩት" አለችኝ።

አቀፍኳት። ያቺን እቅፍ ዛሬ መልሼ ብወስዳት ደስ ይለኛል።

ኢቡ ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁት ይህንኑ ነው። "ቀበርሽው?"

"በገዛ እጄ" አልኳቸው። ትንሽ ውሸት ናት፣ ማንንም አትጎዳም ብዬ ነበር።

በነጋታው፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ...

"ሲስተር... እግሬን ይሞቀኛል።"

"የትኛውን?"

"የሌለውን።"

አልደነገጥኩም። የተቆረጠ እግር ያሳክካል፣ ይቆረጥማል፤ ስንቱ ሕመምተኛ ነግሮኛል። አባብዬ አስተኛኋቸው።

በማግስቱ፣ በዚያው ሰዓት...

"ትንሿ ጣቴ የለችም።"

ረቡዕ ዕለት ደግሞ በሹክሹክታ "ሁለት ጣቶች ቀሩ" አሉኝ።

ሐሙስ ቀኝ እግራቸውን ልመረምር ገባሁ። ምርመራው ቀላል ነው። በሽተኛው ዓይኑን ይጨፍናል፤ እኛ በቀጭን ናይለን ክር እግሩን እንነካለን፤ ሲሰማው ይናገራል።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ክሩን ከፍ አደረግሁ።

"ነካሽኝ" አሉ።

ክሩ ገና አየር ላይ ነበር።

"አልነካሁዎትም ኢቡ።"

"አንቺማ አይደለሽም" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ግራውን ነው የሚነኩኝ።"

ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ግራ እግራቸው ቢኖር ተረከዙ በሚያርፍበት ቦታ፣ አንሶላው ላይ... አመድ።

በጣቴ ነካሁት። ደቃቅ ነው፣ ግራጫ።

ቀና ስል ዓይኔ በመስኮቱ ወጣ። ከሕንፃው ጀርባ የሆስፒታሉ ቆሻሻ ማቃጠያ ገና መጨስ መጀመሩ ነበር።

ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ተኩል፤ ማቃጠያው በየቀኑ የሚለኮስበት ሰዓት።

ዊዳያን ፋሻ ስትጠቀልል አገኘኋት።

"የኢቡን እግር የት ቀበርሽው?"

"ነገርኩሽ እኮ።"

"ድገሚልኝ።"

መጠቅለሏን አላቆመችም።

"ዝናብ ነበር፣ ረስቲ። ጀልባ አጣሁ። ወደ ማቃጠያው የሚሄደው ቢጫ ከረጢት ውስጥ ከተትኩት።"

"ጫማሽ ላይ የነበረው ጭቃስ?"

"ከግቢው ጀርባ ነው... ሆን ብዬ ረገጥኩት። እንዳታዝኚ ብዬ።"

ያ ጭቃ ነው ያቃጠለኝ። ደከመኝ ብትለኝ ይቅር እላት ነበር፣ ረሳሁት ብትለኝም። ወጥታ ጭቃ ፈልጋ፣ ረግጣ፣ እቅፌ ውስጥ መግባቷን ግን እስከ ዛሬ ልውጠው አልቻልኩም።

"ምን ታፈጥጪብኛለሽ?" አለች ቀስ ብላ። "አንቺስ በገዛ እጄ ቀበርኩት አላልሻቸውም?"

ትቻት ወጣሁ።

ወደ ኢቡ ተመለስኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጃቸውን ያዝኩ።

"ኢቡ... እውነቱን ልንገርዎት።"

"አትድከሚ። አሁን በርዷል። አንድም ጣት አልቀረኝም... ሄዷል።"

"ዊዳያ ናት እኮ። እሷ ነች የ..."

"ዊዳያ የምትያትን አላውቃትም። አደራዬን የሰጠሁት ላንቺ ነው።"

እጃቸውን ከእጄ አወጡ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"የት ነው የሄደው?" አልኩ በሹክሹክታ።

"አደራ ተቀባዩ ጋ ነዋ።"

ቤቴ ስደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም። ብቻዬን ነው የምኖረው። ጠዋት ቆልፌው የወጣሁት በር እንደተቆለፈ ነው።

ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ አልኩ።

ደጃፉ ጣውላ ላይ የአመድ ዱካ አለ። አንድ ብቻ። ከኋላውም ከጎኑም ሌላ የለም።

የግራ እግር ነው። ግን ግማሽ ነው... ተረከዙ ውጭ ሆኖ፣ የቀረው በተዘጋው በር ሥር ተቆርጧል።

መዳፌን አሳረፍኩበት።

ይሞቃል።

ቁልፉ ሁለቴ ከእጄ ወደቀ። በሦስተኛው በሩን ከፈትኩት።

አምስቱም የአመድ ጣቶች ከውስጥ በኩል ነበሩ።