ከዕርቅ በኋላ የተጻፈ ይግባኝ

ሰሎሜ በሆሳዕና ከተማ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ለባለጉዳዮች ማመልከቻ ትጽፋለች። የሰው መከራ ስትተይብ ውላ ማታ ራቷን ጠግባ የምትበላ፣ ልቧ በቀላሉ የማይነካ ልጅ ነበረች፤ ሆሴዕ ያን ማክሰኞ በሯ ላይ እስኪቆም ድረስ።

ከሆሳዕና ብዙም የማይርቀው የዶዮገና ልጅ ነው። እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሲሠራ ማሽን የቀኝ እጁን አራት ጣቶች ቆርጦበታል። የያዘው ደብዳቤ አጭር ነው፦ የጉዳት ጡረታ ጥያቄው ውድቅ ሆኗል፤ ጉዳቱ የደረሰው አመልካቹ የደህንነት መመሪያን ሆን ብሎ በመጣሱ ነው።

«ሆን ብለህ?» አለችው።

«ለአሠሪው እንዲያ ብዬ ቃል የሰጠሁት እኔው ነኝ።»

«ለምን?»

ሆሴዕ ሲጨንቀው ዓይኑን ወደ መሬት አይሰብርም፤ ሰው ፊት ላይ ያሳርፈዋል። ሰሎሜ ወረቀቱን የምታነብ መሰለች እንጂ አንድ መስመር አላነበበችም።

ቀስ በቀስ ነገራት። እጁ ውስጥ ሳለ ማሽኑን ያስነሳው የሥራ ጓደኛው ታዴዎስ ነው። ስህተት እንጂ ክፋት አልነበረም። ታዴዎስ መንታ የተወለዱለት ሰሞን ነበርና፣ ከሥራ እንዳይባረር ሆሴዕ ጥፋቱን የራሱ አድርጎ ቃል ሰጠ። በኋላም ሽማግሌዎች ሁለቱን አስታረቁ፤ ነገሩ ዳግም ላይነሳ ቃል ተገባቡ።

«እውነቱን ካልጻፍን ይግባኙ አይቆምም። ይግባኝ ለማለት የቀረህ ደግሞ አሥራ አንድ ቀን ነው።»

«የታረቁበትን ነገር ማንሳት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፣ እህቴ።»

«መዋሸትስ?»

ተቆጥቶ ወጣ። በማግስቱ ግን በግራ እጁ አንድ ከረጢት ድንች አንጠልጥሎ ተመለሰ። «የምክርሽ ዋጋ ነው» አለ፤ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«ድንቹን ተቀብያለሁ፤ ነውር ያልከውን ግን አልቀበልም። ሽማግሌዎቹ ዘንድ ውሰደኝ።»

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ዶዮገና ደረሱ። ዕርቁን የመሩት ጋሼ ሽብሩ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምተው ታዴዎስን አስጠሩት።

«ዕርቅ ያወረድነው ቂም እንዲቀበር ነው፣ ልጆቼ። እውነት ይቀበር አላልንም» አሉ።

ታዴዎስ ብዙ አላሰበም። «እሱ እጁን አጥቶ እንጀራዬን ጠበቀልኝ፤ እኔ ፊርማ ልንፈገው?» አለና የምስክርነት ቃሉን ፈረመ። ጋሼ ሽብሩም ሥራውን እንዳያጣ አሠሪውን ራሳቸው ሊለምኑለት ቃል ገቡ። ሰው ለሰው እንዲህ ሲሆን ያየችው ሰሎሜ፣ ያቺ ልቧ የማይነካው፣ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ይግባኙ ላይ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃውን፣ የታዴዎስን ቃልና ሆሴዕ የቀድሞ ቃሉን ያረመበትን ጽሑፍ አያያዘች። ሆሴዕ በግራ እጁ ፊደል እንደሚለማመድ ተማሪ ቀስ እያለ ፈረመ። አላጣደፈችውም፤ እንዲያውም ቶሎ ባይጨርስ ደስ ባላት። ይግባኙ ቀኑ ሳያልፍ ገባ።

ከዚያ ወራት አለፉ። ሆሴዕ በየሳምንቱ «መልስ መጣ?» ሊል ይመጣል። የስልክ ቁጥሯ እንዳለውና ደውሎ መጠየቅ እንደሚችል ሁለቱም ያውቃሉ፤ አያነሱትም።

አንድ ቀን «ከጸደቀልኝ አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ እልካለሁ» አላት።

«ካልጸደቀስ?»

ሆሴዕ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ስለ ጡረታህ ይወስኑ፤ መብታቸው ነው። ስለ እኔ እንዲወስኑ ግን ማን ማመልከቻ ጻፈላቸው? እወድሃለሁ፣ ሆሴዕ። ዛሬውኑ ላክ።»

ላከ። ጋሼ ሽብሩ መጡ፤ አባቷ አቶ መልካሙም እሺ አሉ።

ደብዳቤው የደረሰው ከተጫጩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሆሴዕ ሳይከፍተው እነ ሰሎሜ ቤት ይዞት መጣ።

አቶ መልካሙ ፖስታውን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ሳይከፈት እናመስግን፤ ከተከፈተ በኋላማ ማንም ያመሰግናል» አሉ።

ሁሉም ቆሙ። ስለ ታዴዎስ እውነት አመሰገኑ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ማሽኑ ስላስቀረለት አውራ ጣት፣ ቤታቸው ስለገባው ልጅ። ሆሴዕ ከተጎዳ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። አሜን ተባለ።

ሰሎሜ ፖስታውን ከፈተች። «የቀድሞው ውሳኔ ተሽሮ፣ የአመልካቹ የጉዳት ጡረታ ጸድቋል» ብላ አነበበች። አሜኑ ቀድሞ ስለተባለ ለሁለቱ የቀረው መተቃቀፍ ብቻ ነበር። አቶ መልካሙም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩላቸው።