መርፌው መሀል ላይ ነበር

አባ ናፍጣን ከተገለበጠው ቫን ውስጥ ጎትተው ሲያወጡት ነፍሱ ከወጣች ቆይታ ነበር። ዳገቱን እየወጣ ሳለ ሞተሩ ከሙቀት ብዛት ነክሶ ቀጥ አለ። ቫኑ ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር ፍሬኑ ደርቆ አልረገጥ አለው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ገደል ነው። አጠገቡ የነበረችው ሚስቱ ክንዷ ተሰብሮ ተረፈች። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ናፍጣ ናፍጣ ሲሸት ስለኖረ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ እሷም ብትሆን አባ ናፍጣ ነበር የምትለው።

ጉዳዩ የደረሳት መርማሪ ጡረታዋ የተቃረበ፣ ጉልበቷ የሚያማት፣ እንቅልፍ ከራቃት የሰነበተ ሴት ነበረች። አለቃዋ ፋይሉን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና «ያለቀ ነገር ነው» አላት። «ሚስትየው የሙቀት ጌጁ አልሠራም ብላለች። ጌጁን የገጠመውን ሰው አስረነዋል። አየት አርጊውና ለዐቃቤ ሕግ ይሂድ።»

ያለቀ ነገር የሚያመጡላት ሁልጊዜ ሲደክማት ነው። ቢሆንም ጫማዋን አጥልቃ ወደ እስር ክፍሉ ወረደች።

ጌጅ ሠሪው ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ቀጭን፣ ጣቶቹ የሴት የሚመስሉ ሰው ነው።

«ልጆቼ ጎረቤት ናቸው» አለ፣ ሳትጠይቀው። «እናት የላቸውም። እኔ እዚህ ከቀረሁ ይበተናሉ።»

«ጌጁን ሞክረኸው ነበር?»

«በፈላ ውኃ ሞክሬ ነው የገጠምኩት። ሞተሩ ላይ የሚታሰረውን የሙቀት መለኪያ ቡልቦ ውኃው ውስጥ እከተዋለሁ፤ መርፌው ቀይ ካልነካ ከእጄ አይወጣም። ሥራዬ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«የድሮው ጌጅ ምን ሆኖ ነው የተቀየረው?»

ጌጅ ሠሪው ትከሻውን ነቀነቀ። «እሱን እኔም አልገባኝም። የድሮው ደህና ነበር። አባ ናፍጣ ግን ‹ፊቱ ሰፊ፣ መርፌው ወፍራም ነጭ የሆነ ፈልግልኝ› አሉኝ። ዳሽቦርዱን ቆርጬ የከባድ መኪና ጌጅ አስገባሁላቸው። ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው መጡና ‹ሲሞቅ የሚጮህ ደወል ጨምርልኝ› አሉ። ዕቃው እስኪገኝ ይታገሡኝ አልኳቸው።»

«ታገሡህ?»

«ታገሡኝ። አሁን ቶሎ ፈልጌ በሆነ እላለሁ።»

መርማሪዋ ከዚያ ቫኑ ተጎትቶ ወደ ተወሰደበት ጋራዥ ሄደች። ቫኑ ጣሪያው ተጨፍልቆ ግቢው መሀል ቆሟል። የጋራዡ ባለቤት ወፍራም፣ በየዐረፍተ ነገሩ መሀል የሚተነፍስ ሰው ነው።

«ራዲያተሩን ይመልከቱት» አለ። «ጭቃ ደፍኖታል። ንፋስ በየት በኩል ይግባ? አንድ ሰው ውኃ ቢያርከፈክፍበት ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

«ውስጡ ያለው ውኃ አልቋል?»

«ጎደል ብሏል እንጂ አላለቀም። ልንጎትት ስንሄድ አደጋው ቦታ ላይ ከፖሊሶቹ ጋር ሆነን ከፍተን አይተነዋል።»

«ቢያልቅ ኖሮስ?»

«ቡልቦው ደረቅ ላይ ይቀርና ጌጁ ያሳስት ነበር። ውኃ እያለ ግን ማሳየት አለበት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቱን ልንገርዎት፤ ጌጁን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አዲስ ነው ብዬ ነበር፣ ከሌላ መኪና የወጣ ነው። በኔ የመጣ ከሆነ እንጃ።»

መርማሪዋ ጉልበቷን በሁለት እጇ ደግፋ ተሳፋሪው ወንበር ላይ ወጣች። ከዚያ ሆና ስታይ የሙቀቱ ጌጅ ከመሪው ጀርባ ተሸፍኗል። ለማየት ወደ ግራ ጎንበስ ማለት ነበረባት፤ ጎንበስ ስትል ደግሞ መዳፏ ዳሽቦርዱ ጠርዝ ላይ አረፈ። መዳፏ ያረፈበት ቦታ ከሌላው ተለይቶ የለሰለሰና ያብለጨለጨ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እጅ ነዋ» አለ ባለቤቱ። «ሰው አንድ ቦታ ሲደገፍ፣ ሲደገፍ ፕላስቲኩ እንደዚያ ይሆናል።»

የሟች ቤት ሁለት ክፍል ነው። ሚስትየው ክንዷ በጀሶ ታስሮ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የሟች ታናሽ ወንድም በር ላይ ቆሟል፤ ቁጭ በል ቢሉትም እንቢ ብሏል።

«ራዲያተሩን ማጠብ የማን ሥራ ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«የኔ» አለ ወንድምየው። «አላጠብኩም። ከወንድም ጋሼ ጋር ተኳርፈን ነበር። ‹እስቲ አሁን መሪውን ለኔ ልቀቅ› ስለው ‹እጄ ሳይቀዘቅዝ አትነካትም› አለኝ። አኮረፍኩ። እንግዲህ የሚያስረኝ ካለ ይሰረኝ።»

«ለምንድን ነው ልቀቅ ያልከው?»

ወንድምየው ወደ ሚስትየው አየ። «አርጅቷል ብዬ ነው» አለ።

መርማሪዋ ዓይኗን ወደ ክፍሉ መለሰች። ሬዲዮው ላይ የጣቢያ መፈለጊያውን የሚያቋርጥ ወፍራም ቀይ ክር ተጣብቋል። የምድጃው ማዞሪያ በቢላ ተጭሯል፣ አንዱ ጭረት ጠለቅ፣ ሌላው ቀለል ብሎ።

«ይሄን ክር ማን ነው ያጣበቀው?»

«ልጆች ናቸው» አለ ወንድምየው ፈጠን ብሎ።

እዚያ ቤት ልጅ እንደሌለ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። መርማሪዋ አልተከራከረችውም። ወደ ሴትየዋ ዞረች።

«መርፌው የት ነበር ያሉት?»

«መሀል ላይ። እስከ መጨረሻው መሀል ላይ ነበር።»

«ስለ መኪና ያውቃሉ?»

«እኔ ምን አውቄ። ሰው ብቻውን ከሚሄድ ብዬ አብሬው እሄዳለሁ እንጂ።»

መርማሪዋ ስትወጣ ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀመጠች። ጉልበቷ ነው ብላ ራሷን ልታሞኝ ሞከረች። መልሱ ከገባት ቆይቷል፤ ያደከማት እሱ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጌጅ ሠሪው በካቴና መጣ። ከቫኑ የወጣው የሙቀት ጌጅ ጠረጴዛው ላይ በሽቦ ከባትሪና ከቡልቦው ጋር ተያይዟል። አጠገቡ ማንቆርቆሪያ ይፈላል።

«ክተተው» አለችው ጌጅ ሠሪውን።

እጆቹ እንደታሰሩ ቡልቦውን ከሚፈላው ውኃ ውስጥ ከተተ። ወፍራሙ ነጭ መርፌ ሳይቸኩል ተነሣ፣ መሀሉን አለፈ፣ ቀዩ ላይ ደርሶ ቆመ። የጋራዡ ባለቤት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«እንግዲህ ጌጁ ደህና ነው» አለች መርማሪዋ። «ራዲያተሩ ውስጥ ውኃ ነበር፤ ስለዚህ ጌጁ ያነብ ነበር። ሞተሩ ከሙቀት የተነሣ ነክሷል፤ ስለዚህ መርፌው ቀይ ላይ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የነዳ ሰው ቀይ ላይ ያለ መርፌ እያየ ዳገት አይወጣም።»

«ታዲያ ለምን ወጣ?» አለ ባለቤቱ።

«ስላላየው። ደህና ጌጅ አስወልቆ ሰፊ ፊት ያስገጠመ፣ እሱም አልበቃ ሲለው ደወል የፈለገ ሰው ነው። ሬዲዮውን በክር፣ ምድጃውን በጭረት ነበር የሚያውቀው።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «መሪውን ልቀቅ ያልከው አርጅቷል ብለህ አይደለም።»

ወንድምየው መሬት መሬት አየ። «ዓይኑ ደክሞ ነበር» አለ። «የሩቁን በመጠኑ ያያል። የቅርቡ ግን ጠፍቶበታል። ሰው ቢሰማ መንጃ ፈቃዱን ይወስዱበታል ብለን ደበቅን።»

«ካላየ ደግሞ የሚያነብለት ሰው ነበረው። ከተሳፋሪው ወንበር መርፌውን ለማየት ጎንበስ ብሎ ዳሽቦርዱን መደገፍ ያስፈልጋል። ያ ቦታ ልሞ የሚያብለጨልጨው በአንድ ቀን መደገፍ አይደለም።» መርማሪዋ ድምፅዋን አላነሣችም። «ጌጁ አልዋሸም። የዋሸው ያነበበው ሰው ነው።»

ሴትየዋ ደህናውን እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መዳፏን ታያለች።

«ደክሞኝ ነበር» አለች። «እየለመንኩት ደከመኝ። አንድ ጊዜ ተሳፋሪ ጭኖ መንገድ የምታቋርጥ ሴት ሊገጭ ሲል መሪውን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ‹በቃህ› ስለው ‹አንቺ ዓይኔ አይደለሽ እንዴ› ይለኛል። የአደጋው ቀን ግን ተሳፋሪ አልጫንም ነበር። ዳገቱ ላይ መርፌው ሲነሣ አየሁት። ሞተሯ ትቃጠልና እሱም ቤቱ ይቀመጥ፣ እኔም ልረፍ አልኩ።»

«ፍሬኑ ከሞተሩ ጋር አብሮ እንደሚደርቅ አያውቁም ነበር» አለች መርማሪዋ።

«ባውቅ አጠገቡ እቀመጥ ነበር?»

ጌጅ ሠሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «እኔንስ?» አላት። «እኔ ምን አደረግኩዎት?»

«ምንም። ዕውር ሆኖ ሲነዳ ሞተ እንዳይሉት ብዬ ነው። ጌጁ ነው ስላቸው ወዲያው ተቀበሉኝ። ልጆች እንዳሉህ ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ አልልህም።»

ጌጅ ሠሪው የታሰሩ እጆቹን ወደ መርማሪዋ ዘረጋ።

መርማሪዋ የጌጅ ሠሪውን ካቴና ፈታች። አጠገባቸው የነበረው ፖሊስ ካቴናውን ተቀብሎ ወደ ሴትየዋ ሊሄድ ሲል መርማሪዋ በእጇ ከለከለችው። የሴትየዋ አንድ ክንድ በጀሶ ነው፣ የምትሸሽበትም የላትም።

«እንደገና ጠይቆኝ ነበር» አለች ሴትየዋ፣ ለማንም ሳይሆን። «‹ከብዷታል፣ አንቺ፤ እስቲ በደንብ እይልኝ› አለኝ። ጎንበስ ብዬ በደንብ አየሁለት። ቀይ ላይ ነበር። ‹መሀል ላይ ነው› አልኩት። ‹እንግዲህ አንቺ ካልሽ› አለና ነዳጅ ሰጣት።»

ጌጅ ሠሪው ወደ ልጆቹ ለመሄድ ተነሥቶ ነበር፤ ግን ሥራውን ተዝረክርኮ ትቶት መሄድ አይሆንለትም። ቡልቦውን ከውኃው አውጥቶ በጨርቅ ጠቀለለው። መርፌው ከቀዩ ላይ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ፤ ሁሉም አዩት። መሀል ላይ ሲደርስ ሴትየዋ ፊቷን አዞረች።