የኢቫር ሊንድ የመጨረሻ ወጥመድ

ኢቫር ሊንድን ከውሃው ሲያወጡት ቀኝ እግሩ ላይ የሸርጣን ወጥመድ ገመድ ተጠምጥሞ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ጭጋጉ ከታልማን ወደብ ላይ ገና አልተነሳም። ጓደኞቹ በእሱ ጀልባ ሳልመን ዓሳና ሸርጣን ሊያጠምዱ የተቀጣጠሩት ለዚያው ጠዋት ነበርና በረዶና ስንቃቸውን ተሸክመው መጡ። ሽማግሌውን ቢጠሩት መልስ የለም። የባህሩ ውሃ መሸሽ ሲጀምር ቢጫ ጃኬቱ ከጀልባው ጎን ታየ።

መርማሪ ቬርና ጆርጅ ስትደርስ ረዳቷ ኮርቢን አስከሬኑን ሸፍኖ ይጠብቃት ነበር። የቬርና ቅድመ አያቶች ከወደቡም ከከተማውም በፊት እዚያ ውሃ ላይ የኖሩ ናቸው፤ ምላሷ ቁጥብ ነው፣ ዓይኗ ግን አያርፍም። ከሁሉ በፊት ገመዱን ስበው ወጥመዱን እንዲያወጡላት አዘዘች። ኮርቢንን ሰውየው ሞቶ ተኝቶ ሳለ ለሽቦ ሳጥን መጨነቋ ገረመው። በወጥመዱ ውስጥ ከመሐል ለሁለት የተሰነጠቀ ትልቅ የሳልመን ጭንቅላት ነበር እንጂ አንድም ሸርጣን የለም። ቬርና እጇን አስገብታ ጭንቅላቱን በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። ከዚያ ፎቶ እንዲያነሱት ነገረቻቸውና ጣቷን በትንፋሿ እያሞቀች ወደ ጓደኞቹ ሄደች።

ሦስት ናቸው። ዴክስተር ከሲያትል መጥቶ እዚያ የሰፈረ፣ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ጀልባ ይወዳል፣ ገመድ ማሰር ግን እስከ ዛሬ አልሆነለትም። ዋረን ፊች ሰው በሚያሻግረው መርከብ፣ በፌሪው ላይ የሚሠራ ጎልማሳ ነው። ሬና የዋረን ሟች ሚስት እህት ናት፤ ሳልመን በጭስ በሚያደርቁበት ፋብሪካ ትሠራለች፤ ከቬርና ጋር አብረው የተማሩ ናቸው። ዋረን ሚስቱ ስትሞትበት መጠጥ ላይ ወደቀና ልጁን ፐርልን ተነጠቀ። ሬና ወሰደቻት፤ አሳደገቻት። አሁን ዋረን መጠጥ ካቆመ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ሰኞ ዳኛዋ ልጅቷን ትመልስለት እንደሆነ ትወስናለች፤ ዋስ ሆኖ ሊቆምለት የነበረው ደግሞ ኢቫር ነው።

አርብ ማታ አራቱም በኢቫር ወጥ ቤት ተቀምጠው የጉዞውን ሥራ ተከፋፍለው ነበር። በረዶና ነዳጅ ለዴክስተር፣ ገመዶቹን ማደስ ለዋረን፣ የወጥመዱ ማባበያ ለሬና ደረሰ። ሁለቱ ሲሄዱ ዋረንና ኢቫር ወደ ጀልባው ወረዱ። ዴክስተር ወደቡ ዳር ካለው መጠጥ ቤት በር ላይ ሆኖ ሁለቱ ሲጯጯሁ መስማቱን አልደበቀም። ይህን የሰማው ወደቡ ላይ የተሰበሰበ ሰው ፍርዱን እዚያው ጨረሰ፤ ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም አለ። ኮርቢንም ካቴናውን እየነካካ ዋረንን ያይ ጀመር።

ቬርና ዋረንን ለብቻው ወሰደችው።

«ምን አጣላችሁ?»

«ፐርልም ትምጣ አልኩት። ውሃው ለልጅ አይሆንም አለኝ። በነገሬ ሁሉ ምን አገባህ ብዬ ጮህኩበት።» ዋረን ፊቱን ጠረገ። «ከዚያ ብቻዬን በባህሩ ዳር ስዞር አመሸሁ። ማንም አላየኝም። አልጠጣሁም፤ ግን ማን ያምነኛል?»

«ወጥመድ ጥላችሁ ነበር?»

«በምን ማባበያ? ሬና ጠዋት ልታመጣ ነው የተስማማነው። ባዶ ወጥመድ ማን ይጥላል?»

ቬርና ቀና ብላ አየችው። «ጠዋትስ የት ነበርክ?»

«ሥራ ላይ። የመጀመሪያውን ጉዞ ጨርሼ፣ አለቃዬን አስፈቅጄ ነው የመጣሁት።» ወደ ቬርና ጠጋ አለ። «እባክዎ፣ ሰኞ እስር ቤት ካገኘኝ ልጄን ዳግመኛ አላገኛትም። ሌላውን ሁሉ እችለዋለሁ።»

ቬርና ቃል አልሰጠችውም። ዋረን እውነቱን ይሆናል ብላ አሰበች፤ ይህ ሐሳብ ወዴት እንደሚወስዳት እያወቀችም ወደ ሬና ሄደች።

ሬና ጀልባዎቹ የሚታሰሩበት የእንጨት መድረክ ላይ፣ የማባበያውን ባልዲ እግሮቿ መሐል አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ማታ የት አመሸሽ?»

«ቤት፣ ከፐርል ጋር። ጎረቤቴም መጥታ ነበር። ጠዋት እነ ዴክስተር ኢቫርን ሲጠሩ ነው የደረስኩት።»

«ሰኞ ለዳኛዋ ምን ልትያት ነበር?»

«ያው እውነቱን። ዋረን ልጁን ይወዳል። መውደድና ማሳደግ ግን አንድ አይደለም፣ ቬርና።»

ቬርና ጎንበስ ብላ ባልዲውን ከፈተች። በረዶ ሆነው የነጡ የሳልመን ጭንቅላቶች ናቸው፤ ሁሉም ከመሐላቸው ተሰንጥቀዋል።

«እንዲህ መሰንጠቁን ከማን ተማርሽ?»

«ከእናቴ። ሽታው ቶሎ ይወጣል ትል ነበር። እዚህ ከእኔ በቀር እንዲህ የሚያደርግ የለም፤ ሌላው ይሰንፋል።» ሬና በእንባዋ መሐል ፈገግ ልትል ሞከረች።

ቬርና ክዳኑን ቀስ ብላ መለሰችው። አንዳንድ መልስ ባይመጣ ይሻል ነበር፤ ይህ ከእነዚያ አንዱ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለ። የኢቫር ጭንቅላት ከኋላው ተፈንክቷል፣ የገደለው ግን ውሃው ነው አለ። ሰዓቱን ሲጠየቅ፣ ውሃው ስለሚቀዘቅዝ ማታም ይሁን ጠዋት መማል አልችልም አለ። ቬርና ሦስቱንም በኢቫር ወጥ ቤት እንዲሰበሰቡ አስጠራች። ኮርቢን በሩ ላይ ቆመ። ጠረጴዛው ላይ ትናንት የተጠጣባቸው ኩባያዎች እንዳሉ ናቸው፤ የኢቫርን ወንበር ማንም ደፍሮ አልተቀመጠበትም።

«ሁላችንም ኢቫር የሞተው ማታ ነው ብለን ነው የጀመርነው» አለች ቬርና። «ወጥመድ ሲጥል ገመዱ ጎተተው፣ ወይም ማታ አብሮት የነበረው ሰው ገፈተረው። ወጥመዱ ግን ሌላ ይናገራል። በዚህ ወር የወደቡ ውሃ በሸርጣን ይተራመሳል። ማታ የጣልነው የዓሳ ጭንቅላት ጠዋት ምን ይሆናል፣ ዋረን?»

«አጥንት» አለ ዋረን።

«በዚህኛው ዓይኑ እንኳን አልተነካም። ደግሞ ስጫነው መሐሉ ገና ጠጣር በረዶ ነበር። ውሃ ውስጥ ያደረ አይደለም፤ እኛ ልናወጣው ትንሽ ሲቀረው ነው የገባው። ገመዱ ደግሞ ያው የኢቫርን እግር የያዘው ገመድ ነው። ስለዚህ ኢቫር የሞተው ንጋት ላይ ነው። ያኔ ዋረን ፌሪው ላይ ነበር፤ ባልደረቦቹን ኮርቢን ጠይቋቸዋል።»

ዋረን ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ግንባሩን ደፋባቸው። ዴክስተር ግን ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እኔ ንጋት ላይ በረዶ ልገዛ ብቻዬን…»

«ዶክተር፣ እርስዎ ቢሆኑ ወጥመዱን ባዶውን ይጥሉት ነበር» አለች ቬርና፣ ሳታሾፍበት። «ገዳዩ የፈለገው ክብደትና ገመድ ብቻ ነው፤ ማባበያ ምን ያደርግለታል? ከልጅነቱ ወጥመድ ሲጥል የኖረ እጅ ግን ባዶውን አይጥልም። ልብ ሌላ ቦታ እያለ እጅ የለመደውን ያደርጋል። ማታ ደግሞ እዚህ ማባበያ አልነበረም። ንጋት ላይ ከመሐሉ የተሰነጠቀ፣ በረዶ የሆነ ጭንቅላት በባልዲ ይዞ ጀልባው ላይ የደረሰ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ወደ ሬና አላየችም። ማየት አልቻለችም።

ሬና መናገር ስትጀምር ድምፏ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። ፐርል ተኝታ ሳለ ማባበያውን ይዛ መውጣቷን፣ ኢቫር ብቻውን መሆኑን ስታይ ሰኞ ዋስ እንዳይሆን እንደለመነችው ተናገረች። እሱም «ልጅቷ አባት አላት» ሲል መለሰላት። ገፈተረችው። ወደ ኋላ ሲወድቅ ገመድ የሚታሰርበት ብረት ጭንቅላቱን መታው። የወጥመዱን ገመድ እግሩ ላይ ጠምጥማ ከወጥመዱ ጋር ውሃ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ባልዲውን ይዛ ቤቷ ተመለሰችና ከሌሎቹ ጋር እንደ አዲስ መጣች።

«ዋረን እንደሚያዝ ታውቂ ነበር?» አለች ቬርና።

«ሰኞ እስኪያልፍ ብቻ ብዬ ነው።» ሬና ዋረንን ቀና ብላ አየችው። «ኢቫርን አንዴ ሞቷል ብዬ እኮ ነው ውሃ ውስጥ የከተትኩት። አንዴ ሞቷል።»

ቬርና ይህን ሳትነግራት ብትሄድ በወደደች። ነገር ግን ፍርድ ቤት ከማታውቀው ሰው አፍ ከምትሰማው ከእሷ መስማቱ ይሻላል ብላ ጠጋ አለቻትና «አልሞተም ነበር፣ ሬና» አለቻት።

ሬና እጆቿን ጭኗ ላይ ገልብጣ የራሷ እንዳልሆኑ ሁሉ ስታያቸው ቆየች። ኮርቢን ካቴናውን ይዞ ሲመጣ ሳይነግሯት ዘረጋችለት። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ ለዋረን እንዲህ አለችው፤

«መብራት አጥፍተህ አታስተኛት፤ ትፈራለች። ፀጉሯን ከጫፉ ጀምረህ ነው የምታበጥረው፤ ከላይ ከጀመርክ ያማታል።»

ዋረን ሊረግማትም ሊያመሰግናትም እየፈለገ እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀላት።

የፖሊስ መኪናው ከሄደ በኋላ የሬና ጎረቤት ፐርልን ይዛት መጣች። ልጅቷ ለጉዞው የተገዛላትን ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ከነጋ አላወለቀችም።

«አባዬ፣ አክስቴስ? ጥላኝ ባህር ሄደች?»

ዋረን ተንበረከከና የሰደርያዋን መቆለፊያዎች አንድ በአንድ ይፈታ ጀመር። የመጨረሻውን ሲፈታ የሚናገረውን ገና አላገኘም ነበር፤ ፐርል ግን መልሱን እየጠበቀች ዓይን ዓይኑን ታየው ነበር።