ከካራቫኑ ኋላ «ና» ያለኝ ድምፅ

መንፈስ፣ ጥላ፣ የሞተ ሰው ድምፅ የሚባል ወሬ በተነሳ ቁጥር ስልኬን አውጥቼ ሌላ ነገር የማይ ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ የምነግርህ የማወራውን ስታነብ «ይሄ ሰውዬ ድሮም ነገር ያያል» እንዳትለኝ ነው። ሥራዬ የድልድይ ንድፍ ነው፣ ጆሃንስበርግ አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ብረትና ኮንክሪት ምን ያህል እንደሚሸከም ሳሰላ ነው የምውለው፣ ቸርች እንኳ የምሄደው ባለቤቴ ሰናይት ስትጎተጉተኝ ነው። ግን የሆነው ሆኗል፣ የሆነውም በቀን ነው፣ ሰክሬም አልነበርኩም።

ነገሩ ከጋሽ ማቴዎስ ይጀምራል። ጋሽ ማቴዎስ የሆሳዕና ሰው ነው፣ አሌክሳንድራ የሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ ነበረው፣ ከማለዳ እስከ ምሽት በብረት ፍርግርግ ዳቦና የስልክ ካርድ ሲያቀብል የኖረ፣ በዚያችው ሱቅ ሮዘተንቪል ላይ ቤት ገዝቶ ልጆቹን ለቁም ነገር ያደረሰ ሰው። የተዋወቅነው ሰናይት ነርስ ሆና በምትሠራበት ሆስፒታል ለኩላሊቱ ሲመላለስ ነው፣ የአገር ሰው ነው ብላ ቤት ጠራችው፣ ከዚያ በኋላ ቤተሰብ ሆንን። አንድ ቀን ታዲያ ድንገት ካራቫን እንግዛ አለኝ። ካራቫን ላላየኸው መኪና ከኋላው የሚጎትተው ባለጎማ ቤት ነው፣ አልጋው፣ ምድጃው፣ ማቀዝቀዣው ሁሉ ውስጡ ነው፣ እዚህ አገር ጡረታ የወጡ ነጮች ይዘውት ይዞራሉ፣ ሐበሻ ሲገዛ ግን አይቼ አላውቅም። ጋሽ ማቴዎስ ግን ዕድሜዬን በአንዲት ክፍል ታስሬ ጨረስኩ፣ አሁን ክፍሏ ራሷ ትንቀሳቀስልኝ አለ፣ ምን ትለዋለህ፣ አሮጌ ካራቫን አፈላልገን ለሁለት ገዛን።

እመነኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። እሁድ እሁድ እሱ ከአምልኮ ሲመለስ ሮዘተንቪል ግቢው ውስጥ እንገናኝና እንጠጋግነዋለን፣ ጣሪያው ላይ ሶላር ሰቀልን፣ የጋዙን ቱቦ ቀየርን፣ አዲስ የሚመስሉትን ጎማዎች ሳይቀር አስለወጥን፣ ምክንያቱም ካራቫን ብዙ ስለሚቆም ጎማው ሳይሄድ ነው የሚያረጀው። ዕቃ ስንጭን ከባዱን ከጎማዎቹ በላይ፣ ቀላሉን ወደ ጫፍ እናደርጋለን፣ ኋላው ከከበደ መንገድ ላይ ጭራውን ይወዘውዝና መኪናውን ይዞ ይገለበጣል። ከሁሉ ያስቸገረን ግን ወደ ኋላ ማስገባቱ ነበር። መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞር እሱ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ከኋላህ ደግሞ ግድግዳ የሚያህል ነገር ስለቆመ በሁለቱ ስፖኪዮ ጎን ለጎን ከምታየው በቀር መሃሉ ጨለማ ነው። ስለዚህ ሁለት ዎኪቶኪ ገዛን፣ እኔ እነዳለሁ፣ ጋሽ ማቴዎስ ከኋላ ሆኖ በዚያ ረጋ ባለ የሆሳዕና አማርኛው ይመራኛል፣ «ና፣ ና፣ ቦታ አለህ፣ ግራ ቁረጥ፣ መልስ፣ ና»፣ የሚበቃኝ ቦታ ላይ ስደርስ ደግሞ እንደ አሌክሳንድራ ልጆች «ሻርፕ» ይለኛል፣ እኔም እቆማለሁ። አንድ ሕግ ነበረው፣ የሚመራው ሰው ሁልጊዜ በስፖኪዮ በሚታይበት ጎን ነው የሚቆመው፣ ከካራቫኑ መሃል ኋላ መቆም የለም። ለሰናይትም ደጋግሞ ነግሯታል።

ቅዳሜና እሁድ ቅርብ ቅርብ ቦታ ሄድን፣ ቫል ወንዝ ዳር አደርን፣ ደርባን ድረስ ወርደን ባሕር ዳር እናቁመው የሚለውን ግን ሳናደርገው ቀረን፣ አንዴ የእሱ ሱቅ፣ አንዴ የእኔ ሥራ፣ ከዚያ የእሱ ሕመም። ሲሞት አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ተላከ፣ እኛም ሮዘተንቪል ተሰብስበን አልቅሰን ተለያየን።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባለቤቱ እትዬ አበበች ደወለችልኝ። ካራቫኑን ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል፣ እባክህ ውሰድልኝ፣ ከፈለግህ ሽጠው አለችኝ። እኔም ልሸጠው ወሰንኩ፣ አሁን ሳስበው ምነው ትንሽ ባቆየሁት እላለሁ፣ ግን ያኔ እኔም ማየት አስጠልቶኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰናይት ጋር በባኪዬ ሄድን፣ ባኪ የምንለው ፒክአፑን ነው፣ መጎተቻውን አያያዝኩ፣ ሰንሰለቱን፣ የመብራቱን ገመድ፣ የካራቫኑን የእጅ ፍሬን ዝቅ አድርጌ ለቀቅኩ፣ መጋረጃዎቹን አንድ በአንድ ዘጋሁና ዎኪቶኪዎቹን ከመሳቢያው አውጥቼ ባኪው ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ባትሪያቸው አልቋል ብዬ ነበር፣ ሲበሩ ግን በሩ።

ከሮዘተንቪል እኛ ቤት ኬንሲንግተን ሩቅ አይደለም። መንገድ ላይ የገረመኝ ካራቫኑ መቅለሉ ነው፣ ወትሮ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ሲጎትተኝ ይሰማኛል፣ ያን ቀን ግን አንድ ሰው ከኋላ የሚገፋልኝ ይመስል ነበር፣ ለሰናይት ስነግራት ዕቃው ስለወጣለት ነው አለችኝ፣ ልክ ናት አልኩ። ትራፊክ መብራት ላይ ቆመን በስፖኪዮ ሳይ በእኔ በኩል ያለው የጎኑ መጋረጃ እጅ በሚያህል ተከፍቷል። መንገዱ ነቅንቆት ይሆናል አልኩ። በሚቀጥለው መብራት ሳይ ተዘግቷል። ይህንንም ነቅንቆት ይሆናል አልኩ፣ ለሰናይት ግን አልነገርኳትም። ከዚያ መቀመጫው መሃል የተቀመጠው ዎኪቶኪ፣ አንድ ሰው ሊናገር ቁልፉን ሲጫነው የሚያሰማትን ጠቅ የምትል ድምፅ አሰማ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ጠቅ አለ። ሰናይት አነሳችውና አየት አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው።

ቤት ስንደርስ ሰማዩ ጠቁሯል። የዚህን ከተማ የበጋ ዝናብ ታውቀው እንደሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ድንገት ይሰበሰብና የዕንቁላል አስኳል የሚያህል በረዶ ያወርዳል፣ የካራቫን ጣሪያ ደግሞ ስስ አልሙኒየም ነው፣ በረዶ ከመታው ማንም አይገዛውም። ቶሎ ወደ መኪና ማቆሚያው ጣሪያ ሥር ማስገባት ነበረብን። መብራት በተራ የሚጠፋበት ሰዓት ስለነበር የግቢው በር በሪሞት አልከፈት አለ፣ ወርጄ በእጄ ገፋሁት። ግቢያችን ከመንገዱ ወደ ታች ተዳፋት ነው፣ መጨረሻው ላይ የድንጋይ ግድግዳ አለ። ሰናይት አንዱን ዎኪቶኪ ይዛ ወረደች፣ እኔ ማርሹን ወደ ኋላ አስገባሁ።

መጀመሪያ በቀኝ ስፖኪዮ አያት ነበር፣ ቢጫ የዝናብ ካፖርቷን ለብሳለች። ከዚያ በረዶው ወረደ። ባኪው ላይ ሲወርድ ጆሮ ያደነቁራል፣ መስታወቱ ሁሉ ውኃ ሆነ፣ እንደገና ሳይ ሰናይት የለችም። ዎኪቶኪውን አንስቼ የት ነሽ ልል ስል ድምፅ መጣ።

«ና» አለኝ። «ቀስ ብለህ ና፣ ቦታ አለህ።»

የጋሽ ማቴዎስ ድምፅ ነው። ይመስላል አላልኩህም፣ ነው። ወዳጄ፣ እስካሁን የሚቆጨኝ አለመደንገጤ ነው፣ ሰውነቴ የለመደውን ሰው ሰማና ታዘዘ፣ ግራ ቁረጥ ሲለኝ ቆረጥኩ፣ መልስ ሲለኝ መለስኩ፣ እንዲያውም ዕረፍት ተሰማኝ። በዚያ ሁሉ የበረዶ ጩኸት መሃል እሱ አጠገቤ ተቀምጦ እንደሚያወራ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። «ና፣ ና፣ ቦታ አለህ፣ ገና ነህ፣ ና።» እኔ ሻርፕ እስኪለኝ እየጠበቅኩ ነው፣ አላለም። ካራቫኑ ጣሪያው ሥር ሙሉ በሙሉ መግባቱን በስፖኪዮ አያለሁ፣ አሁን መቆም አለብኝ እላለሁ፣ እሱ ግን ና ይለኛል፣ እግሬም ፍሬኑን ላላ ያደርጋል።

ከዚያ ካራቫኑ ተቸነከረ። ባኪው ተንገጫግጮ ቆመ፣ ጭንቅላቴ ከመቀመጫው ድጋፍ ጋር ተላተመ። ሬዲዮው ዝም አለ።

ወረድኩ። መጎተቻው ላይ ያለው የካራቫኑ የእጅ ፍሬን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተስቧል፣ ሮዘተንቪል ላይ በእጄ ዝቅ ያደረግኩት፣ መንገዱን ሁሉ ዝቅ ብሎ የመጣው ፍሬን። በጎን ዞሬ ወደ ኋላ ሄድኩ። ሰናይት በካራቫኑና በግድግዳው መሃል ቆማለች። ጀርባዋ ድንጋዩን ነክቷል፣ የካራቫኑ የኋላ ብረት ካፖርቷን ነክቷል፣ ዎኪቶኪውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። በጎኗ እየተንፏቀቀች ወጣችና አጠገቤ አልፋ ወደ ቤት ገባች።

ተከትያት ገባሁ፣ በዚያ ጨለማ ሳሎን ውስጥ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። ቁም፣ ቁም እያልኩህ ነበር አለችኝ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም አልኳት። ፍሬኑን አንቺ ሳብሽው ወይ ብዬም ጠየቅኳት፣ እኔ ከኋላ ታፍኜ የፊቱን እንዴት እስባለሁ አለችኝ፣ እውነቷን ነው። ታዲያ ለምን መሃል ገብተሽ ቆምሽ፣ እዚያ መቆም እንደሌለብሽ ታውቂ የለም ወይ ስላት፣ አንዴ አየችኝና ዎኪቶኪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተነሳች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰናይት ተለወጠች። የሌሊት ተራ መውሰድ አበዛች፣ ቤት ስትሆንም እንቅልፍ እንቢ አለኝ እያለች በሌላው ክፍል ማደር ጀመረች። ድንጋጤው አልለቀቃትም ብዬ ተውኳት። ፍሬኑን አንድ የጋራዥ ሰው አሳየሁት፣ ይሄ ጫፉን ተጭነህ በጉልበት ካልሳብከው በራሱ አይነሳም፣ ሰው ነው የሳበው ብሎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። ካራቫኑን ከፕሪቶሪያ የመጡ ባልና ሚስት ገዙት። ሊጎትቱት ሲሉ ፍሬኑን ዝቅ ያደረግኩላቸው እኔ ነኝ፣ ስለ ምንም ነገር አልነገርኳቸውም፣ በመንገዱ ጫፍ እስኪታጠፍ ድረስ ቆሜ አየሁት፣ ከዚያ የግቢውን በር ዘጋሁ።

ክረምቱ ሲገባ፣ እዚህ ክረምት ዝናብ የለውም፣ ብርዱ ነው አጥንት የሚሰብረው፣ አንድ እሁድ ከሰዓት ሰናይትና እኔ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ሳለ ድንገት አንድ ነገር ልጠይቅህ አለችኝ።

«ጠይቂኝ።»

«ያን ቀን ለምን ከግድግዳው ጋር ቁሚ አልከኝ?»

አልገባኝም። «እኔ?»

«በሬዲዮው። ሰናይትዬ፣ ወደ መሃሉ ጠጋ በይ፣ ከግድግዳው ጋር ቁሚ፣ እያየሁሽ ነው አልከኝ። ደርሰህብኛል፣ ቁም ብዬ ስጮህም እያየሁሽ ነው፣ አይዞሽ አልከኝ።»

ሬዲዮውን አንስቼ አንድም ቃል እንዳልተናገርኩ ማልኩላት፣ በእናቴ ማልኩላት፣ በእሷ በራሷ ማልኩላት። ያን ሁሉ ወር ያንን ይዛ ከእኔ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ኖራለች፣ ባሌ ለምን እንዲህ ፈለገ እያለች፣ እያበሰለች፣ እየሠራች፣ ደህና እደር እያለችኝ።

«ድምፁ ያንተ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ የሰማሁት ደግሞ የጋሽ ማቴዎስ ነበር» አልኳት።

እሺ አለች፣ ተነስታም ገባች። ወደ መኝታ ቤታችን ተመልሳለች፣ ስለዚህ ነገር ደግመን አላወራንም።

እኔ ግን አወጣለሁ አወርዳለሁ። ለእሷ በእኔ ድምፅ የተናገረው ነገር፣ ለእኔም በጋሽ ማቴዎስ ድምፅ ከተናገረ፣ ና ያለኝ እሱ አልነበረም ማለት ነው፣ እሱ እዚያ ከነበረ ደግሞ ፍሬኑን የሳበው እሱ ይሆናል፣ እኔ ደግሞ ያንን እጅ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እንኳ ሳልለው ለማላውቃቸው ሰዎች አሳልፌ ሸጥኩት። ለፕሪቶሪያዎቹ ልደውል ብዬ ስልካቸውን ብዙ ጊዜ አውጥቻለሁ፣ ምን ብዬ እንደምጀምር ስለማላውቅ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ሰናይት ደህና ናት፣ ትስቃለች፣ ትቆጣኛለች፣ እንደ ድሮው ነን ማለት ይቻላል። ብቻ ከቢሮ ስደውልላት ስልኩን ታነሳና ወዲያው አትናገርም፣ ትንፋሿ ይሰማኛል፣ እኔ ሰናይት ብዬ ስጠራት እንኳ ትንሽ ትቆያለች፣ ታዳምጣለች፣ ከዚያ ነው አቤት የምትለኝ።